ሣጥን ሠሪውና መሠዊያው

ወይዘሮ ስንታየሁ ከፋሲካ ወዲህ የቤታቸውን ደጃፍ አልረገጡም ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ እንቢ ካላቸው፣ ልባቸውም ከአልጋቸው እስከ በሩ ያለችውን አምስት እርምጃ እንደ ዳገት መቁጠር ከጀመረ ወራት አልፈዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ በርበሬና ኮረሪማ ሲመዝኑ የኖሩት፣ በአንድ ጥሪ ሦስት ተሸካሚ ከያለበት ያቆሙ የነበሩት ሴት፣ አሁን ውሃ ሲፈልጉ እንኳ ትንፋሻቸውን ለመቆጠብ የአልጋውን ብረት በቀለበታቸው ያንኳኳሉ።

አንድያ ልጃቸው ኤልሳቤት ይህን ማንኳኳት ትፈራው ነበር። ቀን በምትሠራበት የክርና የልብስ ቁልፍ መደብር ቆማ፣ ብረት ብረትን ሲመታ በሰማች ቁጥር ድንግጥ ትላለች። መርካቶ ደግሞ ብረት ብረትን ሳይመታ የሚውልበት ቀን የለም።

በመስከረም ማለቂያ ላይ የካቶሊኩ ቄስ አባ ኪዳነ ማርያም ሊጠይቋቸው መጡና አንድ ተስፋ ሰጡ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከሚውለው ዓርብ ጀምረው፣ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ቅዱስ ቁርባኑን እስከ አልጋቸው ይዘውላቸው ይመጣሉ። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው አሉ፤ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ መስቀል፣ ሁለት ሻማና አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ወይዘሮ ስንታየሁ ዓይናቸውን ወደ ቤታቸው ብቸኛ ጠረጴዛ መለሱ። ላስቲክ ነው፤ አንዱ እግሩ በሲባጎ ታስሯል፤ ሽንኩርት የሚከተፈው በእርሱ ላይ ነው። ቄሱ እስኪወጡ ጠበቁና ለልጃቸው ነገሯት። ጌታቸውን በዚያ ላይ አያስቀምጡም። አባታቸው በገጠር፣ እምድብር አካባቢ፣ በጎጇቸው ምሰሶ አጠገብ የእንጨት መሠዊያ ነበራቸው፤ እሳቸውም ሲሞቱ ዓይናቸው እርሱን እያየ ነበር የሞቱት። እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ ካልቆመ፣ አባ ባይመጡ ይሻላል።

ኤልሳቤት አልተከራከረችም። ከመድኃኒት የተረፈው ብር በቤተ ክርስቲያኑ ሱቅ አንድ አዲስ መስቀል እንኳ እንደማይገዛ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷን ለጎረቤታቸው ለእትዬ ሀፍሷ አደራ ሰጥታ ወደ ምናለሽ ተራ ወረደች፤ ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ ተቀጥቅጦና ተወልውሎ ዳግመኛ ዋጋ ወደሚያገኝበት።

ባህረዲን የሚባል አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሸራውን ዘርግቶ የበር እጀታ፣ ማጠፊያ፣ የተሰበረ ሚዛንና የቧንቧ አፍ ከምሮበት ነበር። ኤልሳቤት ከክምሩ ሥር የነሐስ መስቀል መዝዛ አወጣች። ከክንዷ ግማሽ የሚሆን፣ የተሰቀለው ጌታ ምስል በግልጽ የሚታይበት መስቀል ነው። ደስታዋን ደብቃ ዋጋ ማውረድ ጀመረች፤ ባህረዲንም እያማረረ ሁለት ጊዜ ወረደላት።

«እሱን አትውሰጂው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዞረች። ረጅም ሰው ነው፤ በቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አርፏል፤ መዳፉ ሙሉ ብሎን ይዟል።

«ለምን?»

«ጀርባውን አዙረሽ እይው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ቀዳዳ አለው።»

«ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።»

«የግድግዳ መስቀል ማንጠልጠያ ነው የሚኖረው። ይኼ በብሎን ክዳን ላይ የሚገጠም ነው።»

«የምን ክዳን?»

ባህረዲን በእጁ ፊቱን ጠረገና፣ «አይ ይስሐቅ፣ ዛሬ ደግሞ የእኔን ገበያ ልትቀብር መጣህ?» አለ።

«የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነኝ» አለ ይስሐቅ የተባለው ሰው፣ ለእርሷ ብቻ እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዲሱ በደርዘን፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣልን። አንዴ ከተገጠመ ወዲያ ከሟቹ ጋር ይቀበራል። ተፈትቶ የሚገኝ ግን…»

ኤልሳቤት መስቀሉን እንደ ተኛ ሕፃን በቀስታ አስቀመጠችው። የያዘችበት እጇ ቀዝቅዞባት በቀሚሷ ላይ አሸችው። ባህረዲን ዕቃውን በጆንያ፣ በኪሎ እንደገዛው፣ አገሩንም አባቱንም እንደማያውቅ በአላህ ስም ማለ።

ይስሐቅ ግን ትቷት አልሄደም። ቁጢጥ ብሎ ክምሩን እስከ ሸራው አገላበጠና ሌላ መስቀል አወጣ። ይኼኛው የእንጨት ነው፤ አንድ ክንዱ ተሰንጥቋል፤ ከአናቱ ግን የዛገ ማንጠልጠያ አለ። ክንዱን እርሱ እንደሚጠግነው ነገራት። ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃት፣ ለማያውቁት ሰው የማይነገረውን ሁሉ ነገረችው፤ የእናቷን ልብ፣ የላስቲኩን ጠረጴዛ፣ የሚመጣውን ዓርብ። መሠዊያው የሚቆምበት የግድግዳ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ሲጠይቃትም እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። ከአንዱ መዳፏ እስከ ሌላው ተመለከተ።

«ሰማንያ ሁለት ሴንቲ» አለ።

«ሜትር የለህም እንዴ?»

«በእኛ ሥራ ሜትር ይዞ ሰው ቤት አይገባም። ዓይን ነው የሚለካው።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ነገር ግን የዓይኑ እርጋታ ሳቋን ወሰደባት። እንዲህ ሳይቸኩል ያያት ሰው በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል አጋጥሟት አያውቅም። መሠዊያውን በትርፍ ጊዜው ሊሠራላት ተስማሙ፤ ለእንጨቱ እንጂ ለእጁ እንደማያስከፍልም ተናገረ። መስቀሉን ለጥገና ሰጠችውና ለመሄድ ዞር ስትል፣ መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ሳያስበው የሚለውን እርሷም አለች።

«ገበያ ይቅናህ።»

የባህረዲን እጅ ባለበት ቆመ። ኤልሳቤትም ቃሏን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነበር። በመርካቶ ለሌባ እንኳ ይቅናህ የሚል አይታጣም፤ ለሣጥን ሠሪ ግን አይባልም። ከእርሱ ዘንድ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚለው ምንም የለም፤ ከፍሎ፣ አቀርቅሮ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር ይሄዳል።

ይስሐቅ አልተቆጣም፤ አልሳቀምም። ብሎኖቹን በመዳፉ ውስጥ ሲያንቀሳቅስ ቆየ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። «እንዲህ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ግን አሜን አልልም።»

ቤቷ ገብታ ግድግዳውን በሜትር ለካችው። ሰማንያ ሁለት ሴንቲ ነበር።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ኤልሳቤት ከሥራ ስትወጣ መንገዷ በራጉኤል በኩል ሆነ። የይስሐቅ ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዳገት ላይ ነው፤ ከሱቁ ገብታ አታውቅም። ከደጃፉ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ እርሱ ብናኙን አራግፎ፣ እጁን ታጥቦ ይወጣል። አብረው እስከ እህል በረንዳ ይሄዳሉ፤ የጤፍ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «ዞር በሉ» እያሉ በመካከላቸው ሲያልፉ ይለያያሉ፤ መልሰው ይገናኛሉ።

መሠዊያውን የሚያለብሱት ነገሮች አንድ በአንድ ተገኙ። ለመሠዊያው የሚሆን ሙሉ ነጭ ሸማ ለመግዛት ገንዘብ አልነበራትም፤ አንድ ሸማኔ ግን ጥለቱ የተዛነፈበትን ቁራጭ በርካሽ ሰጣት፤ ዝንፈቱ በግድግዳው በኩል ይደበቃል። ከተዘጋ ሱቅ የተረፈች፣ የቀኝ እጇ ጣት የተቆረጠ የእመቤታችን የጀሶ ሐውልት አገኘች። ይስሐቅ ጣቷን ከጀሶ ቀርጾ ሲያበጅላት ሁለት ምሽት ፈጀ። ከአሮጌ ፋኖስ የነሐስ ቧንቧ ሁለት የሻማ መቆሚያ አስቆረጠላት፤ ቁመታቸው እኩል አልሆነም፤ እርሱም አጭሩን ከሥሩ በእንጨት ደግፎ አስተካከለው። የልበ ኢየሱስን ሥዕል እናቷ ከትዳራቸው ዘመን ጀምሮ ከሣጥናቸው ውስጥ ያኖሩት ስለነበር፣ ለእርሱ የተሰበረ መስተዋት ክፈፍ በቃው።

በዚህ ሁሉ መካከል ምንም ዓይነት የፍቅር ቃል አልተለዋወጡም። አንድ ቀን ብቻ ልታናድደው ፈልጋ፣ ሚስት ፈልጎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ፈልጌ ነበር» አለ። «የልጅቷ እናት፣ ማየቱን ይያት ግን እንዳይለካት አሉ።»

ኤልሳቤት በሳቅ ፈረሰች። እርሱም ሳቀ፤ ቀጥሎም እንዲህ አለ፤ «እኔ ዘንድ የሚመጣው እድርተኛ ነው። ቁመት ይነግረኛል፤ ፊቴን አያይም። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ስንት ሰው መጥቶ፣ ማታ ሳስበው ማንም አላየኝም። አንቺ ያን ዕለት ፊቴን አየሽው።»

ጆንያ ተሸካሚ በመካከላቸው ባላለፈበት በዚያ ሰዓት፣ ክንዷ ክንዱን ነክቶ ነበር፤ አንዳቸውም አላራቁትም።

ለእናቷ የነገረቻቸው፣ አንድ አናጢ በርካሽ እንደሚሠራላቸው ብቻ ነበር።

ከዚያ በሰፈሩ ሞት ገባ።

መጀመሪያ ጋሼ ማሙሸት ሞቱ። በግቢው በር ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ለኤልሳቤት ሰላምታ ሰጥተዋት፣ ቀሚሷ በጎን መለቀቁን ነግረዋት፣ በምሳ ሰዓት ግንባራቸውን በስፌት መኪናቸው ላይ እንደደፉ ተገኙ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ሣጥኑ ሲመጣ ኤልሳቤት ከሴቶቹ መካከል ቆማ አየችውና ማን እንደሠራው ወዲያው አወቀች፤ ማዕዘኖቹ፣ ይስሐቅ ከደጃፉ ላይ እንዳሳያት የመሠዊያው ማዕዘኖች፣ ክብ ተደርገው ተልገዋል።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከማዶ ያለች ጤነኛ የእህል ነጋዴ፣ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ወድቃ አልተነሣችም። ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ በሌላው ተተከለ። ከዚያ በኋላ አንድ አራስ ልጅ ሞተ። ያን ጊዜ አባትየው ሣጥኗን ብቻውን፣ በብብቱ ታቅፎ ሲያልፍ ኤልሳቤት ከመደብሩ ባንኮኒ ኋላ ሆና አየችው፤ በእጇ የነበረው የክር ጥቅል ወደቀባት።

ለማንም ሳትናገር ቀኑን ትቆጥር ጀመር። ገበያ ይቅናህ ካለችው በዘጠነኛው ቀን ማሙሸት፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሴትየዋ፣ በሃያኛው ሕፃኑ። ይህን ለሰው ብትናገር እንደሚሳቅባት ታውቃለች። ይሁን እንጂ ማታ እናቷ ትንፋሽ አጥሯቸው በትራስ ላይ በትራስ ተደግፈው ሲቀመጡ፣ ቃሏ በቤቱ ውስጥ የሚዞር፣ ከእርሷ ኋላ ገብቶ በሩን የዘጋ ነገር ይመስላት ነበር።

አንድ ምሽት ከይስሐቅ ሱቅ ፊት ስትደርስ ጣውላ ሲያራግፍ አገኘችው። ፊቱ በድካም ከስሏል።

«እንዲህ ያለ ጥቅምት አይቼ አላውቅም» አላት። «እንጨት እንኳ አልበቃኝም።»

ይህን ያለው እያዘነ ነበር። እርሷ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌላም እርምጃ ጨመረች። ራሷን እንዳመማት ነግራው፣ ዳገቱን ቁልቁል ሮጠች ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በራጉኤል በኩል አላለፈችም። ስልኳ ሲጠራ ከትራሷ ሥር ታፍነዋለች። ከዚህ ሰው ጋር የምትቆምበት እያንዳንዱ ሰዓት ከእናቷ ዕድሜ የሚቆረጥ መስሏት ነበር፤ ስለዚህ አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ መረጠችም። መርጣ ስታበቃ፣ እንቅልፍ የነሣት ምርጫዋ ነው።

ዓርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ይስሐቅ ራሱ ወደ መደብሩ መጣ። በክርና በቁልፍ ሣጥኖች መካከል ቆሞ፣ ሰው ቢያየው የሐዘን ልብስ ቁልፍ ሊገዛ የመጣ ይመስል ነበር።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ሥራዬን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሬሻለሁ።»

«አውቃለሁ። አንተ አይደለህም። ይቅናህ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የገባው ይመስላል፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን ራሱን ለመከላከል አንድ ቃል እንኳ አላወጣም። በዕድሜው ሙሉ ሰዎች ከእርሱ ሲርቁ ስላየ፣ የራቀውን ሰው መጎተት አልለመደም።

«መሠዊያው አልቋል» አለ በመጨረሻ። «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት አምጥቼ ልግጠመው። እናትሽ ዓርብን ይድረሱበት። ከዚያ ወዲያ በዚህ በኩል አላልፍም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሲወጣ አላየችውም፤ ቁልፍ እየቆጠረች ነበር፤ አንዱን ቁጥር አምስት ጊዜ ቆጠረችው።

ሐሙስ ዕለት መሠዊያውን በትከሻው ተሸክሞት መጣ። ከአሮጌ ቁም ሣጥን እንጨት የተሠራ፣ ከሥሩ መደርደሪያ ያለው፣ ከላዩ ለመስቀሉ የሚሆን ቅስት የወጣለት ሥራ ነው። ወይዘሮ ስንታየሁ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። እጃቸውን ዘርግተው የእንጨቱን ጠርዝ ዳሰሱ፤ አንድም ሻካራ ቦታ አላገኙም። ይስሐቅ ከግድግዳው አስጠግቶ አቆመው፤ ልክ ገባ። መስቀሉን በቅስቱ ውስጥ ሰቀለ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረ።

ያን ጊዜ ዓይኑ ከወይዘሮ ስንታየሁ ራስ ተነሥቶ በብርድ ልብሱ ላይ ወርዶ እስከ እግራቸው ሄደ።

ኤልሳቤት አየችው። ቀለበት የአልጋውን ብረት አንድ ጊዜ መታ።

«አንተ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ስንታየሁ።

«አቤት እትዬ።»

«አሁን በዓይንህ ምን አደረግኸኝ?»

ይስሐቅ ዓይኑን ወደ መሠዊያው መለሰ።

«አርባ ዓመት ሚዛን ይዤ ኖሬያለሁ። ነገር ሲመዘን ሳየው አውቃለሁ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«አናጢ ነው እማዬ፤ ነግሬሽ አልነበር…»

«አንቺን አልጠየቅሁም።»

ይስሐቅ ቆቡን አወለቀ። «የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ» አለ።

ከውጭ አንድ ጋሪ ድንጋዩን እያንቋቋ አለፈ።

«ለካኸኝ ማለት ነው።»

«ያየሁት የዓይንዎን ከፍታ ነው እትዬ። መሠዊያውን የሠራሁት ለቆመ ሰው ነው። ከዚያ ከተኙበት መስቀሉ አይታይዎትም፤ ጠርዙ ይጋርድዎታል። አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት።»

ፈቃድ ሳይጠብቅ መስቀሉን አውርዶ፣ መሠዊያውን አጋድሞ፣ መጋዙን ከከረጢቱ አወጣ። የመጀመሪያውን እግር ቆርጦ ሁለተኛውን ሲጀምር የወይዘሮ ስንታየሁ ድምፅ አስቆመው። ቁጣ አልነበረበትም፤ በገበያ መካከል የመጨረሻ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የተናገሩት።

«ሌላውንስ አላየኸውም?»

ይስሐቅ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ቀና አለ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ኤልሳቤት እንዲዋሽ በልቧ ለመነችው።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ዓይኔ ለምዶበታል። ልከለክለው አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

ኤልሳቤት ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። በአልጋው አጠገብ ወድቃ የእናቷን እጅ ያዘችና ሁሉንም አወጣችው። በምናለሽ ተራ ያለችውን፣ ከዚያ ወዲህ የቆጠረችውን ቀን፣ ጋሼ ማሙሸትን፣ ሴትየዋን፣ የሕፃኑን ሣጥን፣ ይህን ሰው ለምን እንዳባረረችውም ጭምር። ስትጨርስ የእናቷ ደረት በኃይል ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። የሚሞቱ መሰላት። ቀና ብላ ስታይ ግን እየሳቁ ነበር፤ ሳል እያቋረጣቸው፣ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር።

«አርባ ዓመት» አሉ ትንፋሻቸውን ሲያገኙ። «አርባ ዓመት ሙሉ ገበያ ይቅናሽ ያላለኝ የመርካቶ ሰው የለም። ይሠራ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆርቆሮ ሥር ተኝቼ ታገኙኝ ነበር? ባለ አምስት ፎቅ በሆንኩ ነበር።»

ይስሐቅ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ መልሶ አፈረና አቀረቀረ።

«ማሙሸት ስኳር ነበረበት፤ መድኃኒቱን ትቶ ሻዩን በአራት ማንኪያ ነበር የሚጠጣው። ልጄ፣ የእኔም ልብ የታመመው አንቺ ምናለሽ ተራ ሳትወርጂ ነው።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «እና ለዚህ ብለሽ ነው ሰሞኑን ስልክሽን በትራስ ስታፍኚው የነበረው? እኔ አልጋ ላይ ነኝ እንጂ አልደነቆርኩም።»

የኤልሳቤት መልስ ፊቷ ላይ ነበር።

ይስሐቅ የቀሩትን እግሮች ቆርጦ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አሸ። መሠዊያውን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው። ወይዘሮ ስንታየሁ ራሳቸውን በትራሱ ላይ አሳርፈው ተመለከቱ። መስቀሉ ምንም ሳይጋርደው በዓይናቸው ትይዩ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ግን አልተሰማም።

«ቤተ ክርስቲያንህ ወዴት ነው?» አሉ ዓይናቸውን ከመስቀሉ ሳያነሡ።

«ራጉኤል።»

«እሺ፤ በእሱ አባ ኪዳነ ማርያም ይጨነቁበት። ሽማግሌ መላክ ታስባለህ?»

ይስሐቅ ወደ ኤልሳቤት ተመለከተ። ይህን ጊዜ ዓይኗን አላሸሸችም። ብዙ ቀን የራቀችውን ሁሉ በዚያች እይታ መለሰችለት።

«አስባለሁ» አለ።

«መቼ?»

ለዚህ ጥያቄ ጨዋ ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አጎቶቼን ላማክር ይባላል፤ የሴቷም ወገን ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፤ ሰርጉ ለጥር ይቀጠራል። መቸኮል ነውር ነው፤ ልጅቱን ማቃለል ነው። ወይዘሮ ስንታየሁ ይህን ወግ ከማንም በላይ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለዘመዶቻቸው ልጆች ስንቱን ሽማግሌ ከደጅ መልሰዋል።

«ነገ» አለ ይስሐቅ። «አባ ቅዱስ ቁርባኑን ሰጥተው እንደወጡ። የጋብቻው ቃል ኪዳንም የገና ጾም ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ኤልሳቤት እናቷ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። አልተቆጡም። ሣጥን ሠሪውንና እናቷን አየቻቸው፤ ሁለቱ ዋጋ ሳይጠሩ እንደተስማሙ ነጋዴዎች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት» አሉ ወይዘሮ ስንታየሁ በዝግታ።

በዚያን ጊዜ ገባት፤ ሁለቱም ያወቁት፣ እናቷ ለጥር እንደማይደርሱ ነው። ማንም ምንም አልነገራትም፤ መንገርም አላስፈለገም። ነጩን ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ቆመች። አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ይስሐቅ እንደማይዋሻት አውቃለች፤ ስለዚህ አልጠየቀችም። ጨርቁን በመሠዊያው ላይ ዘረጋችው፤ በሁለት እጇ አለሰለሰችው፤ ሁለቱን ሻማ አቆመች፤ እመቤታችንን በመካከል አስቀመጠች። ስትጨርስ ወደ ይስሐቅ ዞረች።

«ስንት ሽማግሌ ነው የሚመጣው?»

«ሦስት።»

«ወንበር የለንም። ልበደር።»

ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። በግቢው መካከል ጥቂት ቆማ በሁለት መዳፏ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ የእትዬ ሀፍሷን በር አንኳኳች። እትዬ ሀፍሷ የልጅቱን ዓይን አይተው እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ምን እንደሆነች፣ እናቷ ደኅና መሆናቸውን በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ።

«ሦስት ወንበር ለነገ ያውሱኝ» አለች ኤልሳቤት። «ልታጭ ነው።»